አበቡ አረቄ ማውጣት የተወችበት ዓመት

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አበቡ ጎንደር ፒያሳ አጠገብ አረቄ እያወጣች ትሸጥ ነበር። ጥንካሬውን ለማወቅ ሁልጊዜ ራሷ ትቀምሳለች። ገበያው ሲደራ መቅመሱም በዛ፤ በኋላ ጧት ሳትጠጣ እጇ እየተንቀጠቀጠ እሳት እንኳ ማንደድ አቃታት። ዳኛው የሚባለው ባሏ ተቆጣ፣ ለመነ፣ ማሰሮውንም ሰበረ፤ ምንም ለውጥ አልመጣም።

አንድ ቀን ድሮ ጠጪ የነበረው ጎረቤታቸው አያ ነጋ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ማርያምን አልጠጣም ብዬ ምዬ ሳይመሽ ጠጣሁ» አለችው። «ክፉ ሰው ሆኛለሁ አያ።»

«ክፉስ አይደለሽም። ገላሽ ስለለመደው ነው የሚጠይቅሽ፤ እኔንም እንዲያ አርጎኝ ነበር። ብቻሽን አትታገይው። ሐኪም ይይሽ፤ ከዚያ ሽታው ካለበት ቤት ራቂ።»

ሆስፒታል ተኝታ ላቡም ቅዠቱም እስኪያልፍላት ታከመች። ከዚያ ዳኛው ወደ አይከል ከተማ ወስዶ እህቷ እናኑ ቤት አደረሳት። እዚያ እንቅልፏ ተመለሰ፣ እህልም ጣማት።

ወደ ጎንደር ከተመለሰች በኋላ አንድ ሠርግ ላይ ጠጣች። በማግስቱ ግን በእግሯ አያ ነጋ ዘንድ ሄዳ ነገረችው።

«እኔ እንዲህ ሲሆን እደበቅ ነበር» አላት። «አንቺ ራስሽ መጣሽ። ትድኛለሽ።»

አበቡ ከዚያ ወዲያ አልጠጣችም። የአረቄ ማውጫውን ሸጣ ቅቤ መነገድ ጀመረች። የድሮ ደንበኞቿ መጥተው ሲጠይቋት አታፍርም።

«አረቄውን ትቼዋለሁ፤ ታምሜበት ነበር» ትላቸዋለች። «ሸጋ ቅቤ ግን አለኝ።»