ፀሐይ የተፈረደበት ቅዱስ

እመቤት ለማለት ዶኛ የሚሏት ኤዱቪሄስ የፈረሰውን የሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ቁልፍ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው ዘበኛ የነበረው ባሏ ከሞተ ወዲህ ነው። ስፔኖች በጭቃ ጡብ አቁመው ጥለውት ከሄዱት ቤት የቀረው አንድ ረጅም ግድግዳና አንድ ጓዳ ብቻ ነው። ያን ግድግዳ ለማስጠገን ሶኖራ ክፍለ ሀገር ውስጥ ያልነዘነዘችው ሹም የለም። በመጨረሻ ሰለቻቸውና አርክቴክት አንሴልሞን ላኩላት።

አንሴልሞ ግድግዳውን ጠግኖ በአዲስ ጭቃ ለሰነው። "አናቱን በኖራ እስክንደፍነው ዝናብ ከነካው አለቀልን። ይጸልዩልኝ ዶኛ" አላትና ኖራ ሊያመጣ ወደ ከተማ ወረደ።

የመንደሩ ሴቶች የመጡት እሱ ያስነሳው አቧራ ሳይበርድ ነው። በቆሎው ጠውልጓል፣ የኤዱቪሄስም ጭምር። የገበሬዎች ጠባቂ የሚባለው ከእንጨት የተቀረጸው ቅዱስ ኢሲድሮ ግን ጓዳ ውስጥ ጥላ ሥር ተመቻችቶ ቆሟል። ዝናብ የነፈገ ቅዱስ ቅጣቱ የታወቀ ነው። እርሻ መሃል ይገተርና ልብ እስኪገዛ ድረስ ፀሐይ ይመታዋል።

"ቁልፉን አምጪ" አለቻት ጎረቤቷ ሬፉሂዮ።

"ግድግዳዬስ?"

"ግድግዳሽን ቀቅለሽ ልትበዪው ነው?"

ኤዱቪሄስ ጓዳውን ከፈተች። ቅዱሱን ራሷ ታቅፋ አወጣችው። እርሻው መሃል ስታቆመው ግን ጀርባውን ለቤተ ክርስቲያኑ አሰጠችው። "ዓይንህ በቆሎው ላይ ይሁን። ወደዚያ ዞረህ እንዳላይህ" ብላ አስጠነቀቀችው።

ይሄ ቅዱስ ሲተኛም ልክ የለውም፣ ሲነቃም ልክ የለውም። በማግስቱ ዶፉን ለቀቀው። በቆሎው ቀና አለ፣ ግድግዳው ተንዶ የጭቃ ክምር ሆነ። ኤዱቪሄስ ክምሩ አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች። በቆሎዋን ባየች ቁጥር ደስ ይላታል፤ ደስ ስላላት ደግሞ ታፍርና እንደገና ታለቅሳለች።

አንሴልሞ ኖራውን ጭኖ ሲመለስ ቅዱሱን ከእርሻው ተነስቶ ከፍርስራሹ ፊት ለፊት ተገትሮ አገኘው።

"ዶኛ፣ ይሄ እኮ ቅርስ ነው። ፀሐይ ቀለሙን ይሰነጥቀዋል።"

"ሥራውን ይየው። አዲሱ ጡብ ተመትቶ እስኪደርቅ አይገባም።"

"መጀመሪያ ማን አወጣው?"

"እኔ ነኝ። ከፈለግህ አባርረኝ።"

አንሴልሞ በቆሎውን አየ፣ የጭቃውን ክምር አየ። ከፍርስራሹ ባሻገር ከተራራው በኩል እንደገና ደመና እየተሰበሰበ ነው። ባርኔጣውን አወለቀና የቅዱሱን ትከሻ ይዞ ቀስ አድርጎ ፊቱን ከተራራው አዞረው።

"ወደ ደመናው እያየ ነበር" አለ።