ነጫጮቹ አይጦችና የእናቴ ቅጠል

አናጺው የመስቀል ቅርጽ ያለውን ረጅም ጠረጴዛ ለቤተ ሙከራችን ሲያስረክበን፣ ለአይጥ ነው ብንለው አላመነም። ለአይጥ ወጥመድ እንጂ ጠረጴዛ ሲሠራ አይቶ እንደማያውቅ እየሳቀ ነገረን። እኔ ለሳቅ ልብ አልነበረኝም። ከጠረጴዛው አራት ክንዶች ሁለቱ ግድግዳ አላቸው፤ ሁለቱ ግን ግራ ቀኛቸው ገደል ነው። የፈራች አይጥ ግድግዳው ሥር ትወሸቃለች፤ ልቧ የረጋ ወደ ገላጣው ወጥታ ታሸታለች። የእኔ ሥራ ቅጠሉን ማጠጣት፣ ከዚያ ሰዓት ይዞ ያንን መቁጠር ነበር።

ቅጠሉ የእናቴ ነው። ጭንቀት እንቅልፍ የነሳው ጎረቤት ሁሉ እሷ ዘንድ ይመጣ ነበር። አፍልታ ትሰጠውና፣ ጠጥቶ እስኪጨርስ አጠገቡ ቁጭ ብላ ጀርባውን ታሻሸዋለች። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ግን ለማንም አላፈላችም። ወንድሜ ሊሞት ሰሞን ጭንቀቱ ብሶበት ነበር። እሷ የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ስትሄድ እንዳፈላለት አንድ እስር ቅጠል ለእኔ ትታልኝ ሄደች። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ወንድሜ ሕይወቱን አጥፍቶ አገኘሁት። ጠዋት ያፈላሁለትን ጠጥቶት ብርጭቆው ባዶ ነበር።

እናቴ ኃይሉ ያለቀ ያረጀ ቅጠል ቆርጬ ልጄን ገደልኩት እያለች ይኸው ዓመት ሞላት። እኔም ከዚያው እስር የተረፈውን ለቤተ ሙከራችን ኃላፊ ለዶክተሩ የወሰድኩት ለሳይንስ አስቤ አይደለም። ያረጀውም እንደሚሠራ አስመስክሬ ያንን ሸክም ከላይዋ ላወርድላት ነው።

አይጦቹን ሦስት ቦታ ከፈልናቸው። አንዱ ወገን ያረጀውን፣ አንዱ አዲስ የተቆረጠውን ትኩሱን፣ አንዱ ውኃ ብቻ ጠጣ። ያረጀውን የጠጡት ደፍረው ገላጣው ላይ ሲወጡ እንባዬ መጣ። ግን ውኃ የጠጡትም ወጡ። ዶክተሩ ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አዩት። በማግስቱ ጠዋት ወንበር ስበው ስሠራ ይመለከቱኝ ጀመር።

የማደርገውን ያኔ ነው ያወቅኩት። እያንዳንዷን አይጥ መዳፌ ላይ አድርጌ፣ መንቀጥቀጧ እስኪያቆም ጀርባዋን እያሻሸሁ ነበር የማጠጣት። ባልደረቦቼ «እመ አይጥ» እያሉ ሲያሾፉብኝ አብሬያቸው ስቄያለሁ፤ አንድም ቀን ግን ነገሩን ልብ አላልኩትም። ዶክተሩ አልተቆጡም። አዲስ አይጦች ይምጡ፣ ሌላ ሰው ሳያሻሻቸው አጠጥቶ ወዲያው ወደ ሣጥናቸው ይመልሳቸው አሉ። በዚህ ጊዜ ያረጀውን የጠጣውም፣ ትኩሱን የጠጣውም፣ ውኃ የጠጣውም ግድግዳው ሥር ተወሸቀ። ቅጠሉ ከውኃ አልተሻለም።

ቤት ስደርስ እናቴ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ያረጀውም ትኩሱም አንድ ነው፣ እማዬ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ አለቀሰች። ዓመት ሙሉ እንዲህ አልቅሳ አታውቅም። እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ጠርጋ፣ ታዲያ ያን ሁሉ ሰው ምን እንዳሻለው ጠየቀችኝ። ስለ መዳፌና ስለ አይጦቹ ሁሉንም ነገርኳት።

 ከዚያ አንድም ቀን ያልጠየቀችኝን ጠየቀችኝ።

«ያን ቀን እስኪጨርስ አጠገቡ ተቀመጥሽ?»

ሥራ ረፍዶብኝ ነበር። ብርጭቆውን ራስጌው አስቀምጬ፣ ሳይቀዘቅዝ ጠጣው ብዬው ነው የወጣሁት። ፊቱንም በደንብ አላየሁትም።

«አልተቀመጥኩም» አልኳት።

እናቴ አልጮኸችም፣ አልረገመችኝምም። እጇን ከእጄ ውስጥ ቀስ ብላ አወጣችና ልብሷን ማጠፍ ቀጠለች።