የሸኩር ግራ እጅ

ጥር 1970፣ ምሥራቅ ጦር ግንባር ሰው ሲያልቅ፣ ሄርማታ ሰፈር ያለው የቡና መጋዘን ተደረመሰ። ያልደረቀውን ቡና ከደረቁ ላይ እስከ ጣሪያ ያስከመረው የቀበሌው ሊቀመንበር ለይኩን ነው። የተሸካሚዎቹ አለቃ ጀቤሳ «እርጥብ ጆንያ ይንሸራተታል፣ ግድግዳ ይገፋል» ቢለው «አሻጥረኛ!» ብሎ አስፈራራው። ጀቤሳ ከመረ፤ ከሥሩም ቀረ።

የቀበሌው የሕይወት አድን ቡድን አባል ሸኩር አራት ሰው በሕይወት አወጣ። ጀቤሳን ጨብጦ ሲጎትት ግን ክምሩ ዳግም ወረደና ቀኝ ክንዱን ሰባበረው።

በሳምንቱ ቀበሌው ሁለት ወረቀት ለጠፈ። አንዱ ለሸኩር የጀግንነት ሜዳይ ይሰጣል ይላል። ሌላው መጋዘኑን ያፈረሰው አሻጥረኛው ጀቤሳ ስለሆነ ሚስቱ አይሻ ሰኞ የቀበሌውን ቤት ትልቀቅ ይላል። ሁለቱንም የፈረመው ያው ለይኩን ነው! ዓይኑን በጨው ያጠበ!

ሸኩር ደጇ ሲደርስ አይሻ ከውስጥ ሆና አናገረችው።

«አራት ወር ከአሥር ቀን በባሌ ቤት ሐዘን መቀመጥ አለብኝ። ይህንንም ይከለክሉኛል?»

«ሜዳዩን ሲሰጡኝ ሕዝብ ፊት እናገራለሁ። ያስከመረው ለይኩን ነው እላለሁ።»

«አንተ? ካድሬ ስታይ ስምህ እንኳ የሚጠፋህ?»

«ወላሂ እናገራለሁ።»

እሑድ አደባባዩ ሞላ። ለይኩን ሜዳዩን ደረቱ ላይ ሰካለትና «ፈገግ በል፣ ፎቶ አለ» አለው።

«የምናገረው አለኝ።»

«የስብሰባ ሥርዓት አታውቅም? እጅህን አውጣና ጠይቅ።»

ቀኝ እጁ በጀሶ ታስሯል። ግራውን አወጣ። ለይኩን እጁን ትክ ብሎ አየ፤ ምን ሊል እንደሆነ ገብቶታል። ወዲያው የራሱን ግራ እጅ ጨብጦ በድምፅ ማጉያው ጮኸ።

«አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት!»

ሺህ ግራ እጅ ተነሣ። ማን ደፍሮ ሳያነሣ ይቀራል! ሸኩር «ጀቤሳ» ብሎ ጮኸ፤ የገዛ ጆሮው እንኳ አልሰማውም።

ሰኞ ጠዋት አይሻ ፍራሿን ተሸክማ በቀበሌው በር ስታልፍ ፎቶው ተለጥፎ ነበር፦ ሜዳይ በደረት፣ ግራ እጅ ወደ ላይ። ከሥሩ «ጓድ ሸኩር የጀቤሳን አሻጥር ሲያወግዝ» ይላል። ቆማ አነበበችው።

ሸኩር ከኋላዋ ደርሶ በደህናው እጁ ፍራሹን ሊቀበላት ዘረጋ።

«ተወው» አለችው። «እጅህ ይረፍ።»