ተራ ቁጥር ሰባት

ዲቦራ ገብረአማኑኤል ክው ብላ የቀረችው አንድ ረቡዕ ጠዋት ነው። አምቦ ፍርድ ቤት አጠገብ ባለችው ጠባብ ጽሕፈት ቤቷ ተቀምጣ፣ ለአንድ ደንበኛ የኪራይ ውል ልትጽፍ ኮምፒውተሯን ከፈተች። እንደ ልማዷ ከአዲስ አልጀመረችም። ማንስ ይጀምራል? የቅርቡን ፋይል ከፍቶ ስም መቀየር ነው። የቅርቡ ደግሞ ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ለእጃጂ ከተማዋ አሮጊት ለአዴ ጉዴ የሠራችው ነበር። ስሞቹን እያጠፋች ወርዳ ተራ ቁጥር ሰባት ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ቤቱን ከነሙሉ ይዞታው ለሁለተኛ ወገን ያስተላለፍኩ ስለሆነ፣ ከእንግዲህ እኔም ሆንኩ ወራሾቼ የመጠየቅ መብት የለንም፤ ሁለተኛ ወገንም በፈለገ ጊዜ ስሙን ወደ ራሱ ማዞር ይችላል።»

ይህ የኪራይ ቃል አይደለም። ጊንጪ ላይ ቤቱን የሸጠ ሰውዬ ቃል ነው። የአዴ ጉዴን ውል ስትሠራ የእሱን ፋይል ከፍታ፣ ሽያጭ የሚለውን ኪራይ፣ ሻጭ የሚለውን አከራይ አድርጋ፣ ሰባትን ሳታያት አልፋለች። አዴ ጉዴ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከዚያች የመንገድ ዳር ቤት በቀር ምንም የሌላቸው ሴት ናቸው። የፊቱን ሁለት ክፍል ለሦስት ዓመት አከራዩ እንጂ አልሸጡም። ራሳቸው ከጓሮ ባለችው ክፍል ይኖራሉ።

የባሰው ግን ሌላ ነው። አዴ ጉዴ ማንበብ አይችሉም። የፊርማው ዕለት የአማርኛውን ውል በኦሮምኛ ያነበበችላቸው ራሷ ዲቦራ ነበረች። አነበበች ማለት እንኳ ውሸት ነው። ይህን ሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሰው ወረቀት አያነብም፤ ወረቀቱን ከፊቱ ይይዝና ኪራይ ውል ሁልጊዜ የሚለውን ከራሱ ያወርደዋል። ምስክሮቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አዴ ጉዴ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። የሰሙት ሌላ፣ ያተሙበት ሌላ።

ግድግዳው ላይ አባቷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በእጃቸው የጻፉት ተለጥፏል፦ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።» ገብረአማኑኤል እዚያው ቦታ ሠላሳ ዓመት ማመልከቻና ውል ሲጽፉ ኖረው፣ ስማቸው እስከ ባኮ ይታወቃል። ያን ጠዋት ጥቅሱ ልጃቸውን አስፈራት። ቤቱን ሊወርስ የሚችል ሰው እቤቱ ውስጥ ተቀምጧል፤ ተከራዩ ዘሩባቤል። እሱ ደግሞ ማንበብ ይችላል።

ልደውልለት ብላ ስልኳን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። ካላየውስ? ደውላ ራሷ ልታሳየው ነው። የተስተካከለውን ውል አተመች፣ ጽሕፈት ቤቷን ዘጋች፣ እጃጂ የሚል ሚኒባስ ላይ ዘላ ወጣች።

መንገዱ አላልቅ አላት። ጉደር ላይ ሰው ወረደ፣ ጌዶ ላይ ሹፌሩ ምሳ ልብላ ብሎ ጠፋ። የፍርድ ቤት በር ላይ ያደገች ናት። «እንዲህ ማለቴ አልነበረም» እያለ ሲያለቅስ የወጣ ሰው ስንቱን አይታለች። ዳኛ ፊት ቀርባ «አላነበብኩትም ነበር» ስትል ታያት፤ አዴ ጉዴ ሣጥናቸውን አውጥተው መንገድ ዳር ሲቆሙ ታዩአት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? አምላኬ፣ ብቻ አይቶት አይሁን፣ አለች።

እጃጂ ስትደርስ ዘሩባቤል ከሱቁ ባንኮኒ ኋላ ቆሞ ነበር።

«ጋሽ ዘሩባቤል፣ ውሉ ላይ ትንሽ የጽሑፍ ስህተት አግኝቼ…» ትንሽ! አፏ አያፍርም።

«ሰባተኛዋን ነው?»

ካጠገቧ ያለ የስኳር ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። «አንብበዋታል?»

መሳቢያውን ስቦ ውሉን አወጣ። ላሚኔት አስደርጎታል። ያ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ከሁሉ ይልቅ አስፈራት፤ ለአሥር ዓመት የታሰበ ይመስላል።

«በነጋታው ነው ያነበብኩት» አለ ዘሩባቤል፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ልደውልልሽ ነበር። ከዚያ ነገ አልኩ። ነገም ነገ አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቤቱ አማረኝ። አዴ ጉዴ በየጠዋቱ በጓሮ በር ብቅ ብለው ‹አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ› ሲሉኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ መሬት መሬት አያለሁ። ራሴን ፈራሁት።» ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ወረወረው። «አዲሱን አምጪ፣ እፈርማለሁ። ግን ለሳቸው ለምን እንነግራለን? ያኛው ቀለሙ ለቀቀ ብለን እናሳትማቸው። አንቺም ከነስምሽ ትኖሪያለሽ።»

ልቧ ዘሎ ተቀበለው። የአባቷ ስም ይተርፋል፣ እንጀራዋም ይተርፋል፣ ማንም አያውቅም። አፏን ለእሺታ ስትከፍት ግን አንድ ነገር ያዛት፦ አዴ ጉዴ አሁንም ያልሰሙት ነገር ላይ ጣታቸውን ሊያትሙ ነው።

«አዴ ጉዴን ይጥሩልኝ» አለች።

አዴ ጉዴ መጡ። ዲቦራ ቆማ ነገረቻቸው፤ የራሳቸውን ቅጂም ከሣጥን አስወጥታ፣ ሰባትን አንድም ቃል ሳትቀንስ በኦሮምኛ አነበበችላቸው። ሴትዮዋ የቤታቸውን ግድግዳ በመዳፋቸው ደገፍ አሉ።

ዲቦራ አዲሱን ውል ዘረጋችላቸው፤ ሦስት ገጽ ነው። አዴ ጉዴ በጣታቸው ገፉት።

«ያኛውም እንዲህ ረጅም ነበር። ማሎ፣ እባክሽ አጭር ጻፊልኝ። እኔ በቃሌ የምይዘው።»

ዘሩባቤል ከሱቁ ደብተር አውጥቶ ሰጣት፣ ከጎረቤትም ሁለት ምስክር ጠራ። ዲቦራ ከባዶ ወረቀት ውል ስትጀምር በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነበር። የምትገለብጠው ስለሌላት እያንዳንዱን ቃል ፈራችው።

«ቤቱ የጉዴ ነው። ዘሩባቤል የፊቱን ሁለት ክፍል ሦስት ዓመት ይነግድበታል። ኪራዩን ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ይከፍላል። ሦስት ዓመቱ ሲያልቅ ቁልፉን ለጉዴ ይመልሳል። የቀድሞው ውል ፈርሷል።»

ሦስት ጊዜ በእጇ ጻፈችው። ዘሩባቤል ፈረመ። አሮጌውን ሊቀድ ቢታገል ፕላስቲኩ እምቢ አለው፤ የጆንያ ገመድ በሚቆርጥበት ቢላ ከታተፈው። የአዴ ጉዴ ቅጂም አብሮ ተቀደደ።

ዲቦራ የቀለሙን ዕቃ ወደ አዴ ጉዴ አስጠጋች። አሮጊቷ ጣታቸውን አልዘረጉም።

«ኢንተላ ኮ» አሏት፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ያን ቀን ስታነቢልኝ ዓይንሽ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። በሩን ታዪ ነበር። አይቼሻለሁ። የገብረአማኑኤል ልጅ ናት ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ዲቦራ እንባዋ ያልደረቀው ቀለም ላይ እንዳይወድቅ ወረቀቱን ከፍ አደረገችው።

«አሁን ጣትሽን እያስኬድሽ አንብቢ» አሉ አዴ ጉዴ። «እኔም ዓይንሽን አያለሁ።»

ጣቷን የመጀመሪያው ቃል ላይ አሳረፈች።

«ቤቱ» አለች፣ «የጉዴ ነው።»