ብረት አይጨስም

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ። ባንችይርጋ ግን በዚያ ሳምንት ግቢዋን ያስጠረገችው በልጆቿ ነበር። ኅዳር ሲታጠን እያንዳንዱ ቤት ጥራጊውን ደጃፉ ላይ ከምሮ ያነዳል፤ በሽታው ከጭሱ ጋር ይሄዳል ነው ነገሩ። እሷ ደግሞ የገብሱ አጨዳ ወገቧን ቆርጦት መጥረጊያ ማንሳት አቅቷታል። «ክምራችንን ከሰፈሩ ሁሉ ካስበለጣችሁ የሽምብራ እሸት ከገበያ አመጣላችኋለሁ» ብላ ቃል ገባች። የስምንት ዓመቷ ሰገነትና የአምስት ዓመቱ ኢያቄም ከዚያ ወዲያ ቤት አልዋሉም። እናቲቱም ግቢዋ ሲጠራላት ጊዜ ጥራጊውን ከየት ከየት እንደሚለቅሙ አልጠየቀችም። ደክሟት ነበር፤ ደግሞም ተመችቷታል።

ኅዳር አሥራ ሁለት ጠዋት አባታቸው ምንይችል ለሚካኤል ቅዳሴ ገስግሶ ሄደ። ባንችይርጋ ክምሩን ለኮሰች። ጤዛ የበላው ገለባ ጥቁር ጭስ ተፋ፤ ልጆቹ ዙሪያውን እየዘለሉ «የኅዳር በሽታ ውጣ! ውጣ!» ይላሉ። ከላሊበላ በላይ ባለው ተረተር ሁሉ ከየደጁ ጭስ ይነሳል። ብርዱ ወደ ታች ስለሚጫነው ሽቅብ አይሄድም፤ ከቤት ቤት እየተንፏቀቀ አገሩን ይሸፍነዋል።

«እማ፣ የኛ ነው የሚበልጠው» አለች ሰገነት። «ኢያቄም እኮ ከምሽጉ ሳይቀር አምጥቷል። ክንፍ ያለው ብረት።»

ባንችይርጋ የያዘችው ጭራሮ ከእጇ ወደቀ። ምሽጉ በጦርነቱ ጊዜ ከገብስ ማሳቸው በላይ ተቆፍሮ የቀረ ነው። ክንፍ ያለው ብረት ምን እንደሆነም አሳምራ ታውቃለች፤ አምና ማረሻ ነክቶት ፈንድቶ የጎረቤታቸውን የወልደ ሩፋኤልን ሁለት በሬዎች በአንድ ጊዜ የጨረሰው እሱ ነው።

አንዱን ብብቷ ሥር ወሸቀች፣ አንዷን በክንዷ ጎተተችና ሮጠች። ከድንጋይ ካቡ ጀርባ ጣለቻቸው፤ እሷም ላያቸው ላይ ተኛች። በእሳቱ ውስጥ የባቄላ አገዳ ጧ ባለ ቁጥር ነፍሷ ወጥታ ትመለሳለች።

«እማ፣ ከበድሽኝ» አለ ኢያቄም ከሥሯ።

«ዝም በል! ብረቱን የት ነው የከተትከው? ከሥር ነው ከላይ?»

«የቱን ብረት?»

«የምሽጉን! ክንፍ ያለውን!»

«እሱማ የለም። ብረት አይጨስም» አለ ኢያቄም፣ ይህን አለማወቋ እየገረመው። «ትናንት በጎማ ጫማ ለወጥሁት። ጥቁር አድርጎ የሚጨሰው ጎማ ነው።»

«ተመስገን!» አለች ባንችይርጋ። ከልቧ ነው ያለችው። ወዲያው ግን ያለችው ነገር ራሷን አስደነገጣት፤ አፏን በመዳፏ ከደነች።

«ከማን ጋር ነው የለወጥከው የኔ ጌታ?»

«ከአንድ ልጅ ጋር። ቦኖው ጋ ያገኘሁት። ክምራቸው ትንሽ ስለሆነ የሚጨምርበት ከባድ ነገር ይፈልጋል።»

«ስሙ ማነው? የማን ልጅ ነው?»

«አላውቀውም።»

«ቤታቸውስ?»

ኢያቄም ከካቡ በላይ አንገቱን አስግጎ አየ። ጣቱን ወደ ተረተሩ ዘረጋ፤ ከዚያ ወደ ግራ አዞረው፤ ከዚያ መልሶ አወረደው። «ጭስ ያለበት ቤት ነው» አለ።

ጭስ የሌለበት ቤት አልነበረም።

ባንችይርጋ ሰገነትን ወንድሟን ከካቡ ጀርባ እንዳትለቀው አስማለቻት። መቀነቷን አጠበቀች። የትኛው ቤት እንደሆነ እስክታስብ ጊዜ የለም፤ ወደሚቀርበው ጭስ ሮጠች።

«ልጆቻችሁን ከእሳቱ አርቁ! ኧረ በሚካኤል፣ አርቁ!»

በመጀመሪያው ደጃፍ አራት ልጆች ነበሩ። እየጮኸች ስትመጣ ሲያዩ እሷም በሽታውን የምታባርር መሰላቸው፤ እየሳቁ ክምሩን ከበቡና ከእሷ ብሰው ጮኹ።