የሰባተኛው ሳጥን አይጦች

በምርምር ተቋሙ ምድር ቤት አይጦችን የምትንከባከበውን ሴት ባልደረቦቿ «ሞግዚት» ይሏታል። ስሙ በፌዝ የወጣ ነው፤ እሷ ግን አትጠላውም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ነጭ ካፖርቷን ደርባ፣ ጓንቷን አጥልቃ፣ አይጦቹን አንድ በአንድ እያወጣች ትመዝናለች፤ ክብደታቸውንም ትጽፋለች። በሩ ላይ የተለጠፈ ሕግ አለ፦ ከክብደቱ አንድ አምስተኛውን ያጣ አይጥ ለነገ አይባልም፣ የዚያኑ ቀን በእጅ ይመገባል። ይህን ሕግ አንድም ቀን ጥሳ አታውቅም።

ሰባተኛው ሳጥን ውስጥ ያሉት ስድስት አይጦች የባሰባቸው ነበሩ። ምግቡ አፍንጫቸው ሥር ተቀምጦ አይነኩትም። ወጣቱ ዶክተር «አደራዎን፣ እነዚህን ሁልጊዜም በእጅዎ ያብሏቸው» ብሏታል፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም። መርፌው በተነቀለ ስሪንጅ የላመ ምግብ አፋቸው ውስጥ ጠብ ታደርግላቸዋለች። «በል ዋጥ፣ የኔ ጌታ! ማን ይቀማሃል?» እያለች ታባብላቸዋለች። አይጡ ይውጥና ከንፈሩን ይልሳል። ይህን ጊዜ ፊቷ ይፈካል።

ቤት ደግሞ እናቷ አለች። ከአራት ወር በፊት አሮጊቷ በገዛ ቤቷ ውስጥ ወደቀች። ሐኪሞቹ አንጎሏ ውስጥ ትንሽ ደም ረግቶ እንደነበር፣ ክፉው ግን እንዳለፈ ተናገሩ። እጇ ይሠራል፣ እግሯ ይራመዳል፣ አንደበቷም ደህና ነው። የሞግዚቷ ታላቅ ወንድም ግን «ከእንግዲህ ብቻዋን አትኖርም» ብሎ ቤቷን ቆለፈና እናቱን ከነሻንጣዋ እህቱ ቤት አድርሷት ሄደ። እናትየዋ የዚያን ቀን አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ ዝም አለች። ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ትውላለች፤ ካልጠየቋት አትናገርም፤ ሳህን ሲቀርብላት ታየዋለች እንጂ እጇን አትዘረጋም።

«አኩርፋ ነው» አለ ወንድምየው በስልክ። «ጠባይዋን ታውቂው የለ?»

ታውቀዋለች እንጂ! ልጅ ሳለች አንድ ቀን ተቆጥታ ምሳ አልበላም አለች። እናቷ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ሳህኑን ከድና መደርደሪያ ላይ ሰቀለችና «አኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል» አለች። ሲመሽ ያው ሳህን በረዶ ሆኖ ፊቷ ተቀመጠ። እያለቀሰች በላች። ብይልኝ ብላ አልለመነቻትም፤ እሷ እንዲህ ያለ ነገር አታውቅም። ያ ሳህን ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ከሞግዚቷ ሆድ አልወጣም።

አሁን ተራው የእሷ ሆነ። ድካምም ነበረባት፣ አልዋሽም፤ ከሥራ የምትመጣው ወገቧ ተቆርጦ ነው። ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ ትንሽ ደስም ይላት ነበር። ጠዋት ሾርባውን እናቷ ፊት አስቀምጣ ትወጣለች፤ ማታ ስትመለስ ሾርባው ቆዳ አውጥቶ ይጠብቃታል። ሐኪም ያዘዘላትን ክኒን ማታ ማታ ከአንድ ኩባያ ወተት ጋር ታስጠጣታለች፤ ከዚያ ሌላ አትጨምርም።

«እኔ አልለምንሽም፣ እማዬ» ትላታለች ሳህኑን እያነሣች። «የራበው ሰው እጅ አለው።»

እናትየዋ ቀና ብላ ታያትና «እሺ» ትላለች። ሞግዚቷን ከሁሉም የሚያቃጥላት ይህ «እሺ» ነበር።

ጎረቤት የምትኖር አንዲት ልብስ ሰፊ ቀን ቀን ብቅ እያለች አሮጊቷን በማንኪያ ታበላት ነበር። ለእሷ ትበላለች! ሞግዚቷ ይህን ስትሰማ ይብሱን ነደደች። «ለባዳ አፏን እየከፈተች ለልጇ ትኮራለች!» አለች። ልብስ ሰፊዋ ባለፈው ወር ሰፈር ለቃ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ የእናትየዋ ቀሚስ ትከሻዋ ላይ አልቆም ብሎ ይንሸራተት ጀመር። ሞግዚቷ አየችው። በመርፌ ቁልፍ ያዘችላት፣ አለቀ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እንዲህ ዓይነቷን ነው።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ምድር ቤቱን የሚጎበኙ እንግዶች መጡ። ሞግዚቷ የሰባተኛውን ሳጥን አይጦች እያበላች ስለነበር ዶክተሩ እንግዶቹን እሷው አጠገብ አቆማቸው።

«ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው» አለ። «እነዚህ አይጦች ምግብ አላስጠላቸውም። ጣዕሙን ይወዱታል፤ አፋቸው ሲገባ እዩ፣ ከንፈራቸውን ይልሳሉ። እኛ አንጎላቸው ውስጥ ያጠፋነው ሌላ መስመር ነው፤ ተነሥ፣ ሂድ፣ አንሣ የሚለውን። መውደድና ለመውሰድ መነሣት መንገዳቸው ለየቅል ነው።»

«ታዲያ ካላበላችኋቸውስ?» አለች አንዷ እንግዳ።

«ምግቡ አጠገብ ተኝተው በራብ ይሞታሉ። ለሚያያቸው ግን ያኮረፉ ነው የሚመስሉት» አለና ሳቀ። እንግዶቹም ሳቁ።

«በሰውስ ይደርሳል?»

«አልፎ አልፎ። አንጎል ውስጥ ደም ረግቶ መስመሩን ከነካው ይደርሳል።»

ለሰው ብለው ሲያሙ ለእኔ ብለህ ስማ ይባላል። ሞግዚቷ ሰማች። ስሪንጁን አስቀመጠች። እናቷ ከወደቀች ወዲህ ሬዲዮ ከፍታ አታውቅም፤ ሌላ ሰው ሲከፍተው ግን ጣቷ የወንበሩን ክንድ ቀስ እያለ ይመታል። ይህን ስንት ጊዜ አይታዋለች! አይጡን ወደ ሳጥኑ መለሰችና ካፖርቷን ሳታወልቅ ወጣች።

ቤት ስትደርስ የጠዋቱ ሾርባ እንደተቀመጠ ነው። አሞቀችው፤ እናቷ ፊት ወለሉ ላይ ተንበረከከች።

«አፍሽን ክፈቺ፣ እማዬ።»

እናትየዋ ወዲያው ከፈተች። ዋጠች። ከዚያ ከንፈሯን ላሰች። ሞግዚቷ ሁለተኛውን ማንኪያ አስከተለች።

ከሦስት ማንኪያ በኋላ አሮጊቷ ትንፋሽ አጠራት፤ ታክሲ ተጠርቶ ሐኪም ቤት ተወሰደች። ነርሷ ደግፋ ሚዛን ላይ አቆመቻትና «ሠላሳ አራት ኪሎ» አለች። በፊተኛው የሕክምና ወረቀት ላይ የተጻፈው ኀምሳ ሁለት ነበር። ሞግዚቷ ሳታስበው፣ በልማድ ብቻ፣ አንድ አምስተኛውን አሰላች። ሰባተኛው ሳጥን ውስጥ ቢሆን ኖሮ ደንግጣ የምትነሣበት ቀን ካለፈ ቆይቷል።

«አልበላም ብላ ነው?» አለች ነርሷ እየጻፈች።

«አላበላኋትም» አለች ሞግዚቷ።

ነርሷ ቀና ብላ አየቻትና ሐኪሙን ጠራች። ሐኪሙ አሮጊቷን ካያት በኋላ ሞግዚቷን ኮሪደር ላይ ለብቻዋ አቆማትና የእናቷ ልብ ክፉኛ መድከሙን፣ ከአንድ ወር በፊት መጥታ ቢሆን ሌላ ነገር ይናገር እንደነበር፣ አሁን ግን ከቀናት በላይ ተስፋ እንደማይሰጣት ነገራት። በትንሽ በትንሹ ማብላት ይቻላል አለ።

ተመልሳ እናቷ የተኛችበት አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ነርሷ ካመጣችው ሾርባ አንድ ማንኪያ ሰጠቻት።

«ይጣፍጣል?»

«ይጣፍጣል» አለች እናትየዋ።

«የትናንቱን ታዲያ ምነው ተውሽው?»

እናትየዋ አፏ ውስጥ ያለውን ዋጠች።

«የትናንቱም ሽታው ጥሩ ነበር» አለች። «መጥታ ታበላኛለች ብዬ ስጠብቅሽ ዋልኩ።»

ሞግዚቷ ማንኪያውን ሞላች። እናትየዋ አፏን ከፍታ ጠበቀች።