ዳኛው የሞተበት ገጽ

«አስደሳች ጉዞ ብለው አይደል እንዴ የሰጡኝ? እስቲ ደስታው የቱ ጋ እንዳለ ያሳዩኝ» አለች እናትየዋ፣ መጽሐፉን በማዋሻው ጠረጴዛ ላይ ወደ ፊት እየገፋች።

«ቀስ በይ እንጂ የኔ እመቤት፤ የሚያነቡ ሰዎች አሉ።»

«ቀስ ብዬማ ስንቴ ተናገርኩ። ልጄ ድልድዩን አልሻገርም ብላ ከትምህርት ቤት ቀርታለች። ጎትቼ ላሻግራት ስል ብረቱን አንቃ ይዛ ትጮኻለች። ትንሿ እህቴ ትወድቃለች ትለኛለች። እህቷ ገና ጡት ያልጣለች ናት፤ በምን እግሯ ሄዳ ነው የምትወድቀው?»

እናትየዋ የምትሠራው ከመንገዱ ማዶ ባለው ላውንደሪ ነው። የሥራ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ ነው የመጣችው፤ እጆቿ ከውሃ ብዛት ተጨማደዋል። ከጠረጴዛው ወዲህ ያለችው አሮጊት ደግሞ በዚህ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከመደርደሪያዎቹ ብዙዎቹን በዕድሜ ትበልጣለች። ሠራተኛውም አንባቢውም «እትዬ» ነው የሚላት።

«እዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሚወድቅ ሰው የለም» አለች እትዬ። «ሁለት እህትማማቾች በጀልባ ደሴት ፍለጋ ይሄዳሉ፤ አግኝተው ይመለሳሉ። ከሌላ ጋር ተምታቶብሽ እንዳይሆን።»

ጫጫታውን ሰምቶ ኃላፊው ከቢሮው ወጣ። ወጣት ነው፤ ሲቀጠር ሥራ ያሳየችው እሷ ናት። «እትዬ፣ አንብበውታል አይደል?» አለ በትህትና።

«ከዳር እስከ ዳር» አለች።

እንዲህ ብሎ የጠየቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመግቢያው በር ፊት ለፊት ያለው ክብ ጠረጴዛ የእትዬ ነው። ግማሹ ላይ የአዋቂዎች፣ ግማሹ ላይ የልጆች መጻሕፍት ይደረደራሉ፤ ፍቅሩም፣ የወንጀል ምርመራውም፣ ታሪኩም፣ ተረቱም ጎን ለጎን። ደንቡ አንድ ነው፤ ከሽፋን እስከ ሽፋን ያላነበቡትን መጽሐፍ እዚያ ላይ ማስቀመጥ ክልክል ነው። ማስታወቂያም አይለጠፍበትም። ያስቀመጠው ሰው በአፉ ይናገራል፤ አንባቢውም ቃሉን አምኖ ይወስዳል። ደንቡን ያወጣችው ራሷ እትዬ ናት። ሰዎች ከሥራ ሲወጡ ጎራ ብለው «እትዬ፣ ዛሬ ምን አለ?» የሚሏት ለዚህ ነው።

አምና ግን ዓይኗ ከዳት። ዳር ዳሩን ታያለች፤ በር፣ ሰው፣ የሽፋን ቀለም ይታያታል። ትኩር ብላ የምታየው ነገር ግን መሃሉ ላይ የተተፋበት ይመስል ይደበዝዝባታል። ሐኪሙ መነጽር ምንም እንደማይረዳት ሲነግራት አመስግና ወጣች፤ ለመሥሪያ ቤቱም ትንፍሽ አላለች። ከዚያ ወዲህ መጻሕፍቱን ወደ ቤት እየወሰደች ባሏ ያነብላታል። ይህንንም ማታለል ነው ብላ አስባው አታውቅም። በጆሮ የገባስ ያው መነበቡ አይደል?

«ገጹን አሳዪኝ» አለች አሁን።

እናትየዋ ከፍታ ሰጠቻት። እትዬ ወረቀቱን ወደ ፊቷ አስጠግታ ትንሽ ቆየችና መልሳ ዘረጋችላት። «አንቺው አንብቢው፤ በአንቺ አፍ ልስማው።»

እናትየዋ የመብራት ቢል እንደምታነብ ሁሉ በደረቁ አነበበች። ማዕበሉ ጀልባዋን መታት። ታናሿ ገመዱን ለቀቀች። ታላቅየዋ እስኪመሽ ድረስ ተጣራች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የአንዲት ልጅ ብቻ ጉዞ ነበር።

እትዬ የምታውቀው ማዕበሉ ሲመጣ ታናሿ በባልዲ ውሃ እየቀዳች ስትንከተከት ነው። ሳቋን ሳይቀር ታውቀዋለች፤ ባሏ ድምፁን አቅጥኖ ስቆላታል።

«ሰሙ እናቴ?» አለች እናትየዋ፤ ንዴቷ በረድ ብሎ ነበር። «እኔ መጽሐፍ የምመርጥበት ጊዜም እውቀትም የለኝም። እርስዎን አምኜ ነው የወሰድኩት።»

«ማምሻውን ልጅቷን ይዘሻት ነይ። ሌላ እፈልግላታለሁ።»

በምሳ ሰዓት ቤቷ ስትደርስ ባሏ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሽንኩርት ይልጣል። ዕድሜውን ሙሉ በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር። የደራሲውን ስሕተት እንኳ ሳያስፈቅድ አይነካም እየተባለ ይታማ የነበረ ሰው ነው።

«ምነው በዚህ ሰዓት? አባረሩሽ እንዴ?»

«ገና ናቸው። ታናሽየዋ የት ደረሰች?»

«የቷ ታናሽ?»

«የጀልባዋ።»

ቢላዋው ቆመ። «ሰጠመች» አለ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ልጅቷ ሰጠመች፣ በይ ሻይሽን ጠጪ ልበልሽ?»

እትዬ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ደረጃው ላይ ተቀመጠች። በዓመቱ ውስጥ ያነበበላት ሁሉ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው አንድ በአንድ መጣባት።

«ሌላስ ማን ሞተ?»

«ተይው አሁን።»

«አልተውም። የዚያ የሚያስቀው መጽሐፍ ዳኛስ?»

«ዳኛውማ በጊዜ ነው የሄደው። ገና መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ።»

«ታዲያ እስከ መጨረሻው ሲያስቀኝ የነበረው ማነው? ያ ከጎረቤቱ አውራ ዶሮ ጋር የሚሟገተው?»

«እኔ ነኝ።»

«ዶሮውስ?»

«ዶሮውም የኔው ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። ታክሲ ነጂው ትዝ አላት። «እትዬ፣ የሚያስቅ ብለው የሰጡኝ መጽሐፍ ተሳፋሪ ፊት አስለቀሰኝ እኮ» ብሏት ነበር። ቀልደኛ ስለሆነ እንደ ልማዱ የሚያሾፍ መስሏት፣ «እንግዲህ አንተም አልቅሰህ ይውጣልህ» ብላ ሸኝታዋለች።

«ጣቢያ ላይ ስትጠብቅ የነበረችው ሙሽራ?»

«አልመጣላትም።»

«መርማሪው ጓደኛውን የገደለውን ሰው አገኘው አላልከኝም?»

«አገኘው። ገዳዩ ራሱ መርማሪው ነበር።» ሽንኩርቱን ሳህኑ ላይ አስቀመጠና እጁን በሱሪው ጠረገ። «ስሚኝ። ማንበብ እንደጀመርኩልሽ ሰሞን፣ ልጃችንን ቀብረን ከተመለስን በኋላ እህል አልቀምስ ብለሽ የሰነበትሽበትን ጊዜ ታስታውሻለሽ። ያን ሰሞን የማነብልሽ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ሴት ልትሞት ስትል ዘለልኳት። አተረፍኳት እንበል። ያን ማታ ተነስተሽ በላሽ። ከዚያ በኋላ በየት በኩል ልመለስ?»

የበላችበትን ማታ ታስታውሳለች። የሚጣፍጥ ምግብ ነበር።

«ሰው በእኔ ቃል ነው የሚወስደው» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። የሰው ልጅ ድልድይ መሻገር አቅቷታል።»

ምሳ እንድትበላ ለመናት፤ አልበላችም። እሱም አብሯት አልበላም።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ክቡን ጠረጴዛ አራገፈችው። ባሏ ያነበበላትን ሁሉ እያነሳች በጋሪው ጫነች፤ ጠረጴዛው ላይ አንድም አልቀረም። ማኅተም የምትመታው ልጅ ከማዋሻው ሆና፣ «እትዬ፣ ልናጸዳው ነው?» አለቻት።

«አዎ፣ ልናጸዳው ነው።»

ከዚያ ወደ ልጆቹ መደርደሪያ ሄደች። በደህናው ጊዜ በራሷ ዓይን ያነበበችው አንድ መጽሐፍ ነበር፤ ስለ አንዲት ሰነፍ ፍየል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ማንም አይሞትም፤ ይህን ትምላለች። አረንጓዴ ነው፤ ከታች፣ በግራ በኩል ነበር። ነገር ግን ኃላፊው ቦታዎቹን ቀይሯል፤ አረንጓዴውም ብዙ ሆኖባታል። ተንበርክካ አንዱን መዘዘች፣ ውፍረቱን በጣቶቿ ለካች፣ አሸተተች፣ መለሰች። ሌላ መዘዘች። ማኅተም የምትመታውን ልጅ ጠርታ ርዕሱን ብታስነብባት በአንድ ቃል የሚያልቅ ነገር ነበር። እትዬ ግን አንዱን አረንጓዴ ይዛ ተነሳች።

ሲመሻሽ እናትየዋ ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ቀጭን ናት፤ ካልሲዋ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ወርዷል። ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ሆና አረንጓዴውን መጽሐፍ አየችው።

«ይኸውልሽ የኔ ልጅ» አለች እትዬ። «ስለ ፍየል ነው።»

ልጅቷ አልተቀበለችም። «እዚህኛው ውስጥስ ሰው ይሞታል?»

እትዬ ይህን ጥያቄ ከማንም አፍ ሰምታው አታውቅም። አዋቂዎቹ የሚጠይቁት ደስ ይላል ወይ፣ ረጅም ነው ወይ እያሉ ነው። መጽሐፉን ገለበጠችው፤ ሽፋኑ ላይ ነጭ ነገር ይታያታል፤ ፍየልም ሊሆን ይችላል፣ ደመናም።

«አላውቅም» አለች።

«አላነበቡትም?»

«ማንበብ አልችልም፤ ዓይኔ ፊደል አያይም።»

«ትልቅ ሰው ሆነው?» አለች ልጅቷ በመገረም። እናትየዋ ክንዷን ቆነጠጥ አደረገቻት።

ከማዋሻው በኩል የማኅተሙ ድምፅ ተቋረጠ። ኃላፊው በቢሮው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ የሰማም ያልሰማም ይመስላል። ከዚያ ወረፋ ላይ ያለ አንድ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ማኅተሙም መምታቱን ቀጠለ። ወረፋው ሲያልቅ ማኅተም የምትመታው ልጅ ከመቀመጫዋ ተነስታ መጣችና መጽሐፉን ከእትዬ እጅ በቀስታ ተቀበለቻት።

«ስለ ወፍ ነው» አለች ለልጅቷ። «ነይ፣ መጨረሻውን አስቀድመን እንየው።»

ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ከኋላ ጀመሩት። እናትየዋም በቁሟ አንገቷን አስግጋ ታያለች። ኃላፊው ባዶውን ክብ ጠረጴዛ በመዳፉ ዳበስ አድርጎ ከታችኛው መደርደሪያ አዳዲስ መጻሕፍት ያወጣ ጀመር፤ አንዱን ገልጦ ጥቂት መስመር አነበበና የአዋቂዎቹ ወገን ላይ አቆመው።

እትዬ የሥራ ጋዋኗን አውልቃ አጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረችው። ቦርሳዋን አነሳች። በሩ ላይ ሁለት ተማሪዎች እየተገፋፉ ሲገቡ ዳር ይዛ አሳለፈቻቸውና፣ ደረጃውን በእግሯ እየዳበሰች ወረደች።